ዝናቡ የመረጠልኝ

«እንዴት ከረምሽ?» ለሚለኝ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ማለፍ ልማዴ ነው፤ ዘንድሮ ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ቆጥሬ ልመልሰው አሰብኩ። ቃሉ ራሱ ክረምትን በሆዱ የያዘ ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉ ሰዎች ንጉሡ በየዓመቱ የት እንደ ከረመ አዘውትረው ይመዘግቡ የነበረው፣ ወንዝ በሚሞላበትና መንገድ ጭቃ በሚሆንበት ወራት ሠራዊት ስለማይንቀሳቀስ፣ ሰማዩ እስኪገለጥ አንድ ቦታ መቀመጥ ግድ ስለነበረ ነው። ይቺ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ከተማችን ጎንደርም የነገሥታት መክረሚያ ሆና ነው ሥር የሰደደችው። እኔ ደግሞ ንጉሥም ዘማችም ሳልሆን፣ የአማርኛ መምህርት ሆኜ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ እስከ መስከረም መባቻ ድረስ ከቁስቋም ወረድ ብላ ባለችው የአባቴ ቤት ከረምኩ። የከረምኩትም በንባብና በዜማ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጣሪያችን ልናገር፤ ያለ እሱ ቀሪው ታሪክ አይገባምና። ቤታችን የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ኮርኒስም የለውም። የጎንደር የሐምሌ ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ሰማዩን አጥቁሮ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አጉረምርሞ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ለማናገር መጮኽ ያስፈልጋል፤ ስልክ ቢጠራ አይሰማም፤ ሬዲዮ ቢከፈት ባትሪ መጨረስ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲወርድ የሚቻለው ነገር ጋቢ ተከናንቦ በመስኮቱ ሥር ማንበብ ብቻ ነው። ሲያባራ ነገሩ ይገለበጣል። መብራቱ ከዝናቡ ጋር ተያይዞ ስለሚሄድ፣ ቀኑም ስለሚመሽ፣ ለዓይን የሚበቃ ብርሃን አይገኝም፤ በምትኩ ጆሮ ሥራ ያገኛል፣ እኔም ስልኬን ከፓወር ባንኩ ጋር አያይዤ ዜማ እሰማለሁ። ምን ያህል እንደማነብና ምን ያህል እንደምሰማ ሲወስን የከረመው ደመናው ነው ማለት እችላለሁ።

ሐምሌ ሲገባ መጀመሪያ ያነሣሁት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። የአማርኛ መምህርት ይህን መጽሐፍ አላነበብኩም ብትል ያሳፍራታል፤ አንብቤውማ ነበር፣ ነገር ግን በተማሪነቴ ለፈተና ስል ያነበብኩትና ዘንድሮ ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ መሆናቸውን እጠራጠራለሁ። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእኔው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ የፊት ቅጠሎቹ የወላለቁ፣ በዚህም ምክንያት የስንተኛው ኅትመት እንደሆነ የማይታወቅ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ጉዱ ካሳ የተናገረውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምር ቆይቶ መሃል ላይ ድንገት ትቶታል፤ ሰልችቶት ይሁን ቀለሙ አልቆበት እንጃ።

ድሮ ዓይኔ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ብቻ ነበር የሚከተለው፤ መቼ ይገናኛሉ፣ መቼ ይጠፋፋሉ የሚለውን ለማወቅ ስቸኩል ሌላውን ሁሉ እንደ መንገድ ጭቃ እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። አሁን የያዘኝ የዘለልኩት ነው። በዛብህ ከሁሉ በፊት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው፤ በወላጆቹ ስለት ከልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ፊደሉንና ዜማውን ቅኔውንም ተምሮ የወጣ ልጅ። ያ ትምህርት ነው ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚያደርሰው፤ ልጃቸውን አስተምር ተብሎ ይገባል። እልፍኝ ድረስ የሚያስገባው እውቀቱ ነው፣ ያው እውቀት ግን ከባለቤቶቹ እኩል አያስቀምጠውም። ደራሲው የዚህን ነገር መራራነት በአንድ ቦታ ንግግር አድርጎ አይደለም ያስቀመጠው፤ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚናገር፣ ማን ማንን «አንተ» እንደሚል እያሳየ ነው የሚነግረን። ይህን በተማሪነቴ ያስተማረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ምንኛ በወደድኩት፤ እኔም ራሴ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ አላስተማርኩትም።

የመጽሐፉ እኩሌታ ላይ ስደርስ ጣሪያው አፈሰሰ። ሌሊት ነው፤ ጠዋት ስነሣ መጽሐፉ በተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ ውሃው ተኝቶበታል፣ ገጾቹም እንደ እርጥብ ቂጣ ተጣብቀዋል። በዚህ ወር ፀሐይ መጠበቅ ዘበት ነው። ዕለቱ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ስለነበር፣ የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱ በረድ እስኪል ጠብቄ፣ ሰፌድ ላይ ጨርቅ አንጥፌ መጽሐፉን በላዩ ከፈትኩና ሰፌዱን ምጣዱ ላይ አስቀመጥኩት። በየጥቂት ደቂቃው እየመጣሁ ገጽ እየለየሁ አገላብጣለሁ። አባቴ በበሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝና «ዛሬ ደግሞ መጽሐፍ ጋግረሽ ልታበዪኝ ነው?» አሉ። መጽሐፉ ደረቀ፤ ዳር ዳሩ ቢጨማተርም ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ገና ስገልጠው የጤፍ እንጀራ ይሸታል፤ ሽታው ደግሞ ለዚህ መጽሐፍ አይከፋበትም።

አባቴ ይህን ልብ ወለድ አንድም ገጽ አላነበቡትም፤ ነገር ግን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የሰሙት በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ነው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ለዚህ መጽሐፍ ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው ያለው። አንድ ቀን ካባራ በኋላ በስልኬ መብራት ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሁለት አንቀጽ ታግሠው አዳመጡኝና «እንዲህ አይደለም የሚነበበው፤ ትሮጪያለሽ» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ሃያ ዓመት ሳስነብብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ ብቻዬን የወጋየሁን ትረካ ከፍቼ ሳዳምጠው ግን አባቴ ልክ እንደሆኑ ገባኝ። ሰውየው ዝም ማለት ያውቃል። አንድ ገጸ ባሕርይ ሊመልሰው የማይፈልገው ጥያቄ ሲመጣ፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከል የሚተወው ቦታ አለ፤ ነጠላ ሰረዝ የማይይዘው ያህል ሰፊ ነው። ከዚያ በኋላ ቀሪውን እኩሌታ እያነበብኩ ሳይሆን በእሱ ድምፅ እየሰማሁ ጨረስኩት።

ስለ አባቴ ጥቂት መናገር አለብኝ። በዘጠኝ ዓመታቸው ከደንቢያ ከቤታቸው ጠፍተው ደበሎ የለበሱ፣ አኮፋዳ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የለመኑ፣ ከውሻ ጋር የታገሉ፣ ዳዊት ደግመው ዜማ የጀመሩ፣ በመጨረሻም አቋቋም ለመማር ጎንደር በአታ የመጡ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ነው፤ መቋሚያውን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከዜማው ጋር ማስማማት የሚማሩት፣ የኋላ ኋላም መምህር ተብለው የሚወጡት እዚያ ነው። አባቴ አልወጡም። መሃል ላይ ትተው አናጢ ሆኑ፤ ለምን እንደተዉት ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸው ብዙ ዓይነት መልስ ሰጥተውኛል።

ስለዚህ ቀጥዬ ያነበብኩት መጽሐፍ ለእኔ ብቻ አልነበረም። መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትውስታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ» ነው። መንግሥቱን የምናውቀው በግጥሙና በተውኔቱ ነው፤ እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ይዘሽ ውጪ ብባል ይህን ይዤ እወጣለሁ፤ የሚከራከረኝ እንደማይጠፋ ባውቅም። አለቃ ለማ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በእግራቸው እየሄዱ ተምረው ሊቅ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ ውጭ አገር የተማረ ባለ ቅኔ ነው፤ ሆኖም ንግግራቸውን አስተካክሎ ወደ መጽሐፍ ቋንቋ ለመለወጥ አልተነሣም። ሰውየው ሲያወሩ ይሰማሉ። ያነሡትን ይተዋሉ፣ ይመለሱበታል፣ መምህር ያነሣሉ፣ የመምህሩን መምህር ያነሣሉ፣ በመሃል የሚያስቅ ነገር ጣል አድርገው ሳይስቁ ያልፋሉ። መጀመሪያ ላይ ሐረጉ እየጠፋኝ ተቸግሬ ነበር። ሐሳቡ የሚገኘው ዓይን ሲፈጥን ሳይሆን ከንፈር ሲንቀሳቀስ መሆኑን ያወቅሁት ለአባቴ ሳነብላቸው ነው፤ በዚህኛውስ «ትሮጪያለሽ» አላሉኝም። ይልቁንም የቅኔ ተማሪው በየጫካው ጥግ ብቻውን ሆኖ ሲያወጣ ሲያወርድ የሚውልበት ነገር ላይ ስንደርስ አቋረጡኝና፣ እሳቸውም ለሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና አንድ ሙሉ ቀን ጾማቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደዋሉና ማታ መምህሩ ሰምተው «በል ነገ ሞክር» እንዳሏቸው አጫወቱኝ። ቅኔ መማራቸውን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባና ዘፈን ከቤታችን ወጣ። እስከዚያ ድረስ ካባራ በኋላ አብዝቼ የምሰማው አስናቀች ወርቁን ነበር፤ ክራሯን እንደ ሁለተኛ ሰው አጠገቧ አስቀምጣ የምታወራ የምትመስለውን ያቺን ድምፅ። በጾም ግን ይህ አይሆንም፤ አባቴ ክልከላ አይናገሩም፣ ወደ ስልኩ አንድ ጊዜ ብቻ ያያሉ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሰምተን፣ ከቅዳሴ በኋላ አፋችንን አሟሽተን፣ ማታ ቤቱ ዝም ይላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ፒያሳ አካባቢ ዘፈን የሚጭን ልጅ ሚሞሪ ካርዴ ላይ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የጫነልኝን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፈትኩ። አባቴ ጆሯቸውን ጣል አድርገው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። መነኩሲት መሆናቸውን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «መነኩሲት ከመታችው ዘፈን አይባልም፤ ተዪው» አሉ። ፍርዱ በዚህ ጸና።

እማሆይ የውብዳር ተብለው አዲስ አበባ የተወለዱ፣ በአንድ ወቅት የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በግዞት አሲናራ ደሴት ከረሙ፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ዓለሙን ትተው ግሸን ማርያም መንኩሰው አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ እዚህ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፣ ዜማ ለመማር የመጡ ልጆች የሚበሉትን እየለመኑ ደጃፉ ላይ ሲያድሩ ያዩ ነበር፤ ሌላ የሚሰጡት ስላልነበራቸው በፒያኖዋቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የተቀረጸው በዚህ ምክንያት ነው። ከዓመታት በኋላ ኢየሩሳሌም ገብተው እዚያው ገዳም ኖረው በ99 ዓመታቸው፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ዓለም ያወቃቸው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራቸው በፈረንሳይ በሚታተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ ከወጣ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ስነግራቸው ዓመቱን በጣታቸው ቆጠሩ። በዚያን ጊዜ እሳቸውም በአታ ነበሩ። «ታዲያ አላዩዋቸውም?» የምትል ጥያቄ ከአፌ ልትወጣ ስትል ቀድመው መለሱልኝ፦ «እንጃ ልጄ። ማን ቀና ብሎ ሰው ያይ ነበር? እጅ ነበር የምናየው።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ፒያኖው የእሳቸው ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ «ያቺን መነኩሲት» ይሉኛል። እኔ ሙዚቃውን የምሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ግራ እጅ ረጋ ብሎ ሲሄድ ቀኝ እጅ ላይ ታች እየተንቀጠቀጠ የሚፈስ፣ ትዝታም የሚመስል፣ ከፈረንጅ ክላሲክም የሚጠጋ፣ ከሁለቱም ግን የማይገባ ነገር። አባቴ የሚሰሙት ሌላ ነበር። ጣታቸው በጉልበታቸው ላይ እንደ መቋሚያ ሲነሣና ሲወድቅ አየዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከላይ ተንጠባጥቦ ሲወርድ ድንገት ቀና ብለው «ርክርክ!» አሉ። ርክርክ ከዜማ ምልክቶች አንዱ ነው። ከይዘት፣ ከደረት፣ ከድፋት፣ ከጭረት፣ ከቅናት፣ ከሂደትና ከቁርጥ ጋር ስምንት ናቸው፤ ድርስና አንብር በኋላ ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ርክርክ ከፊደሉ በላይ ነጠብጣብ ሆኖ ተደርድሮ ይጻፋል፣ ድምፁም እንደ አጻጻፉ ነው። መልሼ ከፈትኩት፤ መልሰው «ይኸው» አሉኝ። ሙዚቃው ከጉሮሮ ወደ ጣት የተሻገረ ዜማ መሆኑን አንድ አናጢ በከሰል ምድጃ ዳር ሆኖ አስተማረኝ። እውነትም የእማሆይ ሐሳብ ይህ ይሁን አይሁን የሚዳኝ የሙዚቃ ሊቅ አለ፤ እኔ ግን ከአሁን በኋላ ሌላ ነገር መስማት አይቻለኝም።

የከረምኩት ሁሉ እንዲህ የሰመረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባውን የስኮትላንዱን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን አምስት ቅጽ በእንግሊዝኛ በስልኬ ጀምሬ፣ ስለ ከተማችን የሚያወራውን ብቻ እየመረጥኩ ጥቂት ካነበብኩ በኋላ ተውኩት። ሰውየው ዓይኑ ስል ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ሲያሳይ ጭሱ ይሸታል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ገጽ ጀግናው ራሱ ነው፤ በዚህ ዝናብ ውስጥ ያን ያህል ራሱን የሚወድ ሰው ጋር መክረም ከበደኝ።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ የቡሄ ልጆች ጅራፍ ከሰፈሩ ሳይጠፋ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አዝማሪ ቤት ሄድን። ዘንድሮ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ጨዋታው የሚጀመረው ገና ሳይጨልም ነው፤ አዝማሪ በቀን ብርሃን ማየት እንግዳ ነገር ነው፣ ሰውም ቶሎ አይሞቅም። ያልሞቀው ሰው ብቻ አልነበረም። እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ አላልቶት ድምፁ እንደ ጉንፋን ታፍኖ ነበር። አዝማሪው ሳይጫወት ብዙ ቆየ፤ ማሲንቆውን ከቡናው ከሰል ራቅ አድርጎ ያዞረዋል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ እንደገና ወደ ከሰሉ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ቆዳው ሲወጠር የፈረስ ጭራውን ሳብ አደረገና ዕጣን ቀብቶ ጀመረ። ከመካከላችን አንዷ ወደ እኔ እያመለከተች መምህርት መሆኔንና ክረምቱን በመጽሐፍ ማሳለፌን ነገረችው። ማሲንቆውን ሁለት ጊዜ ገዘገዘና፦

ዝናብ ሲወርድባት መቼ ትተኛለች፣
መጽሐፉን ታቅፋ ሌሊት ታነባለች።

«ታነባለች» የምትለዋን ቃል መሃሏ ላይ ያዝ አድርጎ ጎተታት። ሴቶቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ሽልማቱንም ሰጠሁት። ወርቁን ከየት እንዳገኘው ግን እስከ ቤት ድረስ ሳስብ ሄድኩ።

የጳጉሜን የመጀመሪያዋ ቀን ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። መንግሥቱ ለማ ከአባቱ ጋር ያደረገውን እኔም ከአባቴ ጋር ላድርገው ብዬ፣ ቡና አቀራርቤ፣ ስልኬን ከረከቦቱ ጎን አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ። ስለ በአታ፣ ስለ መምህራቸው፣ ለምን እንደተዉት እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ገና ከደንቢያ የወጡበትን ሌሊት ሲጀምሩ ሰማዩ አጉረመረመ። አባቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ፈገግ አሉና «ደምፀ እገሪሁ ለዝናም» ብለው የዘመነ ክረምቱን ድጓ በዜማ ጀመሩት፤ የዝናብ የእግሩ ድምፅ ተሰማ ማለት ነው፣ ዝናቡ ሲዘንብ ድሆች ይደሰታሉ ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። አባቴ አላቋረጡም። ወንበሬን ሳብኩና ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ፤ እሳቸውም እየጮኹ፣ ሲደክማቸው ዝቅ እያሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ለምን እንደተዉት ነገሩኝ። ይህኛው መልስ ከዚህ በፊት ከነገሩኝ ሁሉ የተለየ ነበር።

ማታ ቅጂውን ከፍቼ አዳመጥኩት። «ደምፀ» የሚለው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «እገሪሁ» ላይ ቆርቆሮው ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሣሣ ሲል የአባቴ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፦ «...እንዲህ ነበር እንግዲህ። አይ፣ ቡናው ገነፈለ መሰለኝ።»